ቢጫ ሳሪ የለበሰችው ሴት

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ አሜሪካ አሌክሳንድርያ በምሠራበት ክሊኒክ ምሳ ስንበላ፣ ቫኒ የምትባል ሕንዳዊት ባልደረባዬ እናቷን ሲኒማ እንደወሰደቻቸው አጫወተችኝ። ፊልሙ የአማልክት ታሪክ የሚተርክ የድሮ መንፈሳዊ ፊልም ነው። እናትየው አዳራሹ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ገቡ።

«በሐፍረት ልሞት ነበር» አለችኝ እየሳቀች። «አንቺ መቼም እንዲህ ዓይነት ፊልም አይተሽ አታውቂም።»

«አንዱን ደጋግሜ አይቼዋለሁ» አልኳት። አላመነችኝም። አልፈርድባትም፤ ነገሩ ሳወራው ለራሴም ውሸት ይመስለኛል።

ያኔ ገና ሃያ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ ትልቅ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባዬ ክሪስታል ሲቲ የአንድ ቢሮ ሕንፃ ጥበቃ ነበር፤ ንግግሩ ቁጥብ፣ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚል ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ትንሽ ከመንገዱ ወጣ ሲል ቶሎ ይታወቅበታል።

ነገሩ የጀመረው በኮቱ ነው። እማዬ ልትሰቅለው ብድግ ስታደርገው አፍንጫዋ ላይ ያዘችውና ጠራችኝ።

«ነይ እስቲ አሽትቺ፣ ሂሩት።»

«ሰንደል ነው መሰለኝ» አልኩ።

«ሰንደል የሚጨስበት ቤት የሴት ቤት ነው» አለችና ኮቱን ወንበር ላይ ወረወረችው።

ከዚያ ወዲህ እማዬ መጠርጠርን ሁለተኛ ሥራ አደረገችው። አባዬ ቅዳሜ ቅዳሜ «ኦቨርታይም አለኝ» እያለ ይወጣል። ማታ ጥብስ ሲቀርብለት «በልቻለሁ» ይላል። የት በላ? ማን አበላው? አንድ ቀን የሸሚዙ እጅጌ ላይ ቢጫ ነገር ተገኘ። ሌላ ቀን ከኪሱ በናፕኪን የተጠቀለለ ብርቱካንማ ጣፋጭ ወጣ። እኔም ቀስ በቀስ ተጋባብኝ። ጥርጣሬ አንዴ ቤት ከገባ ሁሉም ነገር ማስረጃ ይሆናል፤ አባዬ «ደህና እደሩ» ሲል እንኳ ድምፁ ውስጥ የተደበቀ ነገር የምሰማ ይመስለኝ ጀመር።

በመጸው፣ ዛፎቹ ቀልተው ቅጠል በሚረግፍበት ወር፣ የአባዬ መኪና ተበላሸችና ጋራዥ ገባች። ቅዳሜ ጠዋት «ሪቨርዴል ፓርክ አድርሺኝ» አለኝ። እማዬ በሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ቤቱን እይ። ሴትየዋንም እይ» ብላ አንሾካሾከችልኝ።

መንገድ ላይ ጠየቅሁት። «ሪቨርዴል ምን ኦቨርታይም አለ? ሥራህ ክሪስታል ሲቲ አይደል እንዴ?»

«መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል፣ ንጂ» አለኝ።

አንድ የሸክላ ጡብ ቤት ፊት ለፊት አወረድኩት። በጎን ባለው ደረጃ ወደ ቤዝመንቱ ወረደ፤ ከመግባቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ጫማውን! መኪናዬን ጥግ አዙሬ አቆምኩና እርጥቡን ቅጠል እየረገጥኩ ተመለስኩ። ገና ሳልጠጋ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ትዘፍናለች። ለእማዬ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ከመሬት ጋር ትክክል በሆነችው መስኮት አጎንብሼ አየሁ።

አባዬ ምንጣፍ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። አጠገቡ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ ትከሻቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል ያደረጉ ቀጭን ሽማግሌ አሉ። ዘፋኟ ያለችው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው። ሌላ ሴት የለም።

አባዬ እግሬን በመስኮቱ አይቶ ኖሮ በሩን ከፈተው። «ግቢ» አለኝ፤ አልተቆጣም።

ሽማግሌው ሕንዳዊ ናቸው፤ አባዬ ጋሽ ራኦ ይላቸዋል። የሥራ ባልደረባው ነበሩ፤ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ሲወስደው ሥራ አቆሙ። አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ቅዳሜ ይሠራል። ስለዚህ አባዬ መጥቶ ፊልም ያሳያቸዋል፤ ያው አንዱን ፊልም። አባዬ በስክሪኑ ላይ የሚያየውን በእንግሊዝኛ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ የሚሰሙትን ይተረጉሙለታል። ታሪኩ ምእመናንን ወንዝ አሻግሮ ወደ ቤተ መቅደስ ስለሚያደርስ፣ እሱ ራሱ ግን እንዳይገባ ስለተከለከለ ጀልባ ቀዛፊ ነው።

መሐል ላይ የሴቶች መዝሙር ተሰማ። ጋሽ ራኦ ቀና ብለው «መጣች?» አሉ።

«መጣች» አለ አባዬ። «ቢጫ ሳሪ ለብሳለች። መብራቱን ከፍ አድርጋ ይዛለች።»

ስክሪኑን አየሁ። የቀዛፊው ፊት ብቻ ነበር። አባቴን አየሁት፤ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

የገባኝ ስንመለስ መኪና ውስጥ አባዬ ሲያስረዳኝ ነው። ፊልሙ ሁለት ጊዜ የተቀረጸ ነው፤ አንዴ ካነዳ በሚባለው በጋሽ ራኦ ቋንቋ፣ አንዴ በሌላ የሕንድ ቋንቋ በቴሉጉ። በካነዳው፣ መዝሙሩ ሲዘመር መብራት የያዙ የመንደር ሴቶች ይታያሉ፤ አንደኛዋ በወጣትነታቸው ለፊልሙ የተቀረጹት፣ በኋላ በሞት የተለዩዋቸው የጋሽ ራኦ ባለቤት ናቸው። እዚህ የተገኘው ካሴት ግን የቴሉጉው ነው። መዝሙሩ አለ፣ ሴቶቹ የሉም። ጋሽ ራኦ ቴሉጉም ስለሚሰሙ ፊልሙን ይከተላሉ፤ ሴቶቹ ግን በዚህኛውም ያሉ ይመስላቸዋል።

«ቢጫ መልበሷን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ» አለ አባዬ። «መጀመሪያ ቀን የለችም ልላቸው ነበር። ፊታቸውን ሳየው አቃተኝ።»

ሁሉንም ለእማዬ ነገርኳት። ክንዷን አጣምራ አዳመጠችኝና «ጥሩ አድርጎ አስጠንቶሻል» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነጠላዋን ተከናንባ መኪናው ውስጥ ቀድማን ተቀመጠች። ጋሽ ራኦ ቤት ስንደርስ መጀመሪያ ያየችው በሩ ሥር የተደረደሩትን ጫማዎች ነው፤ የሴት ጫማ ፈለገች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ሥሩ ሰንደል የሚጨስበትን የአማልክት ሥዕል ስታይ አማተበች። በእርድና በሎሚ የተሠራ፣ ኦቾሎኒ የገባበት ሩዝ ሲቀርብላት «ጾም ነኝ» አለች። ጾም አልነበረም። የሸሚዙን ቢጫ ነገር አስታውሳ መሰለኝ፣ ሳህኑን ግን ትክ ብላ አየችው።

ፊልሙ ቀጠለ። መዝሙሩ ጀመረ።

«መጣች?» አሉ ጋሽ ራኦ።

አባዬ ወደ እማዬ ዞር ብሎ አየና አቀረቀረ። እንዴት አሳምሮ መዋሸት እንደሚችል ያን ሁሉ ወር ስትጠረጥረው በከረመችው ሚስቱ ፊት ማሳየት ከበደው።

«የለችም እንዴ?» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ተሰበረ። መዝሙሩ ሊያልቅ ነው።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለችኝ እማዬ በሹክሹክታ።

«ሚስታቸው ታየች ወይ ነው የሚሉት።»

እማዬ ስክሪኑን አየች። ሽማግሌውን አየች። ከዚያ ለሐኪምና ለአውቶብስ ሹፌር ብቻ በምታወጣው እንግሊዝኛዋ፣ ጮክ ብላ «ሺ ካም» አለች። «የሎው። ቬሪ ቢዩቲፉል።»

ጋሽ ራኦ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «ወዴት ነው የምታየው?»

ተረጎምኩላት። እማዬ ትንሽ አሰበች።

«ሉኪንግ ዩ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ሁለት መዳፋቸውን አጋጥመው ደረታቸው ላይ ያዙ፤ መዝሙሩ እስኪያልቅ እንደዚያው ቆዩ። እማዬ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና ሩዙን መብላት ጀመረች።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እማዬ «ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

«አላምንህም ነበር» አለች እማዬ፣ ምንም ሳታቅማማ።

ጋሽ ራኦ ከወንድማቸው ልጅ ጋር ወደ ሌላ ስቴት እስኪሄዱ ድረስ ብዙ ቅዳሜ አብረናቸው አሳለፍን። አባዬም ካረፈ ቆየ። ቫኒ ያጫወተችኝ ዕለት ከሥራ ስወጣ እማዬ ጋ ደወልኩና ያን ቀን ለምን እንደዋሸች ጠየቅኋት።

«ማን ዋሸ?» አለችኝ። «ሰውዬው ጠየቁ፣ አባትሽ አፉ ተሳሰረ። ዝም ልበል ታዲያ?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይልቅ ያንቺ ባል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የሚሄደው?»

«ኳስ ሊጫወት ነዋ፣ እማዬ።»

«አይተሽዋል?»

ስቄ ስልኩን ዘጋሁ። ግን መኪናዬን ሳላስነሣ ትንሽ ቆየሁ። እማዬ ያን ሁሉ ካየች በኋላ መጠርጠር የተወች ይመስለኝ ነበር። አልተወችም። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን አባዬን ቤት ቁጭ ብላ ጠርጥራው አታውቅም፤ ነጠላዋን አንሥታ አብራው ትወጣ ነበር።