ከሥር የታየው ክንፍ

ፎም በጋለ ሽቦ ሲቆረጥ የሚወጣው ሽታ አንዳንድ ቀን እጄን ያስቆመዋል። ለሠርግ አዳራሾች የሙሽሮችን ስም ከነጭ ፎም እየቆረጥኩ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ፣ ሽታው ሥራ ባለበት ቀን ሁሉ አብሮኝ ይውላል፤ ብዙውን ጊዜም ልብ አልለውም። አንዳንዴ ግን፣ በተለይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ባባራበት ጠዋት፣ ሳላስበው ይዞኝ ሄዶ ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ከነበረው ቤታችን ያደርሰኛል። ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ጨርሻለሁ፤ ክረምቱም ገና መግባቱ ነው።

አባቴ አንጁሎ ሸማኔ ነበር። በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ ከአጎቱ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ፣ ከወታደርነቱ ዘመን በቀር ዕድሜውን ሁሉ እግሩን ከሸማው ጉድጓድ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየሰደደ ኖሯል። የሠራውን ነጠላና ጋቢ እናቴ ገበያ ወስዳ ትሸጥ ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝም ያለ ሰው ነበር እንጂ። ብቸኛ ልጁ ስለነበርኩ ትምህርት ቤት ያየሁትን ሁሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አወራለት ነበር፤ እሱም ዓይኑን ከድሩ ሳያነሣ ይሰማኝና መጨረሻ ላይ «ጥሩ» ይለኝ ነበር። ከዚያ በላይ አይጨምርም።

ወሬ የምጠግበው አዲሱ ገበያ፣ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ነበር። ጋሽ ሰይድ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከአባቴ ጋር የተዋወቁት ጋቢ ሊያሠሩ መጥተው ነው፣ ጓደኛሞች ሆነው ቀሩ። እናቴ ከገበያ እስክትመለስ ከትምህርት በኋላ እሳቸው ዘንድ እቆይ ነበርና፣ ሽቦ ከሽቦ ማያያዝን፣ የሞተ ባትሪ ከደህናው መለየትን እዚያ ተማርኩ።

በዚያ ክረምት መጀመሪያ ጋሽ ሰይድ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ የረጠበ ካርቶን አወጡ። ከዓመት በፊት አንድ ደንበኛ በሪሞት የሚበር የፎም አውሮፕላን ተከስክሶበት ሊያስጠግን አምጥቶት ነበር፤ በዚያው ከአገር ወጣና ሳይመለስ ቀረ። ከአውሮፕላኑ የቀረው የፎም ፍርፋሪ ነው። ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩ፣ ባትሪው፣ ጅራቱንና ክንፉን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ትንንሽ ማሽኖችና ሪሞቱ ግን ደህና ነበሩ።

«አካሉ ሞቷል፣ ልቡ ግን ይሠራል» አሉኝ። «አንቺ አካል ከሠራሽለት ውሰጂው።»

ካርቶኑ ላይ ሥዕሉ ነበር፤ ጣራው አፍስሶበት መሐሉ ተልጦ አፍንጫውና ጅራቱ ብቻ ቀርተዋል። የጦር አውሮፕላን ነው፤ አፍንጫው የሾለ፣ ጅራቱ ቀጥ ብሎ የቆመ። በዝናብ ከነጠላዬ ሥር ሸጉጬው እየሮጥኩ ዳገቱን ወጣሁ።

አባቴ ሸማው ላይ ነበር። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ካርቶኑን ፊቱ ዘረጋሁለት።

«ምንድነው እሱ?»

«አውሮፕላን ነው አባዬ። ልሠራው ነው።»

መወርወሪያው እጁ ላይ እንዳለ ሥዕሉን አተኩሮ አየው። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «ወደ መጣበት መልሺው» አለኝ። «እዚህ ቤት አይገባም።» ከዚያ መወርወሪያውን አስቀምጦ ወጣና ዝናቡ ውስጥ ቆመ። በማግሥቱም በሦስተኛውም ቀን አልሠራም። እኔ በተወለድኩበት ቤት ያ የሸማ ድምፅ ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠፋ ያ የመጀመሪያው ነበር።

እናቴ ገበያ ይዛኝ ወርዳ፣ ነጠላ እያጣጠፈች ነገረችኝ። አባቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ በምሥራቁ ጦርነት ወታደር ነበር። የጠላት አውሮፕላን ሲመጣ ማሞ ከሚባል ያገሩ ልጅ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኙ ነበር።

«አንድ ቀን እሱ ተነሣ፣ ማሞ አልተነሣም» አለችኝ። «እኔም የማውቀው ይቺን ያህል ነው። አንቺም አትጠይቂው።»

ካርቶኑን መለስኩት፤ ልቤ ግን አብሮኝ አልተመለሰም። ጋሽ ሰይድ ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። «እዚሁ ሥሪው፤ ግን ለአባትሽ ንገሪው። ጓደኛዬን ደብቄ ልጁን አላሠራም» አሉኝ። በማግሥቱ ሄጄ «ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል» አልኳቸው። ውሸት ነበር። ዛሬም ሳስታውሰው ጆሮዬ ይሞቃል።

ሐምሌንና ነሐሴን እንዲያ አሳለፍኩ። ፍሪጅ ከሚሸጡ ሱቆች ማሸጊያ ፎም እለምን ነበር፤ ጋሽ ሰይድ ከተበላሸ ስቶቭ ሽቦ አውጥተው መቁረጫ ሠሩልኝ፤ ሽቦው ሲግል ፎሙ ውስጥ እንደ ቅቤ ይገባ ነበር። ሱፐር ግሉ ፎም እንደሚበላ አላውቅም ነበርና የመጀመሪያው አፍንጫ ዓይኔ እያየ ቀልጦ ጎደጎደ፤ ከዚያ በኋላ በእንጨት ኮላ ብቻ ሠራሁ። ክንፉን ግን የማይበት ሥዕል ስላልነበረኝ፣ በከተማችን ላይ የሚያልፈውን የመንገደኞች አውሮፕላን አስቤ ረጅምና ቀጥ ያለ አድርጌ ቆረጥኩት።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ክንፉን ስሞርድ ደጃፉ ጨለመ። አባቴ ነበር። ለጋሽ ሰይድ የሠራውን ጋቢ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ፣ ትከሻው ላይ ዝናቡ እያንጠባጠበ ቆሟል።

«ግባ እንጂ አንጁሎ» አሉት ጋሽ ሰይድ። «የልጅህን ሥራ ና እይ።»

አባቴ ከደጃፉ ሳይገባ ክንፉን ያይ ነበር። ጋሽ ሰይድ ወደ እሱ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። «አልነገረችህም እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

አባቴ ጋቢውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ አውሮፕላኑ ቀረበ። ይሰብረዋል ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። መዳፉን ክንፉ ላይ አሳረፈና፣ «ይሄ እንዲህ አይደለም» አለ። እርሳስ ጠየቀ። ጋሽ ሰይድ ሰጡት። ያልተቆረጠ ፎም ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ጎንበስ አለና፣ ማስመሪያ ሳይነካ፣ እጁን ሳያነሣ ሣለው፤ ከአንገቱ ወደ ኋላ እየሰፋ የሚሄድ፣ ጫፉ የሾለ፣ ግራና ቀኙ ሦስት ማዕዘን የሆነ ክንፍ። ከኋላውም ሁለት ትንንሽ ክንፎች ጨመረለት። እሱ ከሄደ በኋላ በማስመሪያ ለካሁት፤ የግራው ከቀኙ የጥፍር ያህል እንኳ አይበልጥም ነበር። ፊደል የቆጠረው ከሦስተኛ ክፍል ያልዘለለ፣ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው ይህን የሣለው።

«አባዬ፣ እንዴት አወቅከው?»

«በጀርባዬ ተኝቼ አየሁት» አለ። «ብዙ ጊዜ።»

ያን ቀን ማታ ዳገቱን ስንወጣ ያለኝ ይህን ብቻ ነበር፦ «እኔን መደበቅሽ ይሁን፤ ፈርተሽ ነው። ሰይድን መዋሸት ግን አልነበረብሽም። ነገ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው።» ሄጄ ጠየቅኳቸው። ጋሽ ሰይድም ራሳቸውን ነቅንቀው ሲያበቁ ፎሙን፣ ኮላውንና ሞተሩን በካርቶኑ አድርገው ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቤታችን ይዘውልኝ መጡ፤ አባቴም በሩን ከፈተላቸው።

ዝናቡ አባርቶ አደይ አበባው ዳገቱን ሲሞላው ሥራው የሁለታችን ሆኖ ነበር። አባቴ የዕለት ሸማውን ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ይመጣና አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ሁለቱን ክንፎች ለማመዛዘን አውሮፕላኑን በቀጭን የጥጥ ክር ከጣራው ማገር ላይ አንጠልጥሎ፣ ባትሪውን ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ እያንሸራተተ፣ እስትንፋሱን ይዞ ያየው ነበር። «አንዱ ወገን ከጠበቀ ሸማው ይጣመማል፤ ይሄም ያው ነው» ይለኝ ነበር። እናቴ ከማድ ቤት ብቅ ትልና አይታን ትመለስ ነበር።

ኅዳር ላይ ከሰፈራችን በላይ ካለው የእጽዋት ማዕከል በታች ወደነበረው ሜዳ ይዘነው ወጣን። እኔ ሪሞቱን ያዝኩ፣ ጋሽ ሰይድ ወረወሩት፤ አሥር እርምጃ ያህል ተንሳፍፎ በሆዱ ሣሩ ላይ ወደቀ። ደግመን ደጋግመን ሞከርን፤ አፍንጫው ተሰበረ። ጋሽ ሰይድ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ «እዚህ ከፍ ያለ አገር ነው፣ አየሩ ስስ ነው። እኔም ዳገቱን ስወጣ አውቀዋለሁ» አሉ። «ክብደቱ መቀነስ አለበት።»

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎሙን ከውስጥ መፋቅ ጀመረ፤ ወደ መስኮት ሲይዘው ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፋቀው። ክንፉ እንዳይታጠፍ አስገብቼበት የነበረውን እንጨት አውጥቶ፣ በአገሩ ቤት የሚሠሩበትን ቀርከሃ አስመጣና እንደ ክር አቅጥኖ ሰንጥቆ ተካው። ሲያልቅ በአንድ ጣቴ አነሣሁት። የሰው እጅ ነገርን እንዲህ ማቅለል እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ወጣን። ሣሩ ደርቆ ወርቅ መስሏል፤ ከእንጦጦ ባሕር ዛፎች ሥር ጉም ገና አልተነሣም። ጋሽ ሰይድ ሊወረውሩ ሲሉ አባቴ እጁን ዘረጋና ተቀበላቸው። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ሊወረውረው አልሞከረም ነበር። ሞተሩን አስነሣሁት። አባቴ መወርወሪያ በሚሰድበት በዚያው እጁ፣ ሳይቸኩል፣ ቀጥ አድርጎ ለቀቀው።

አልወደቀም። ጥቂት ዝቅ ካለ በኋላ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ ድምፁ እየጠራ፣ ወደ ላይ ወጣ። ከፍሪጅ ማሸጊያ የሠራነው ነገር ከባሕር ዛፎቹ ጫፍ በላይ ሆኖ ፀሐይ አገኘውና ክንፉ በራ። ቀስ አድርጌ አዞርኩት፤ እሱም ዞሮ፣ ዝቅ ብሎ፣ እያፏጨ ወደ እኛ መጣ።

አባቴ መሬት ላይ ተኛ። አልወደቀም፤ በደረቱ ተደፍቶ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ሣሩ ላይ ተጣበቀ። አውሮፕላኑ በላዩ አለፈ። ሪሞቱን ጥዬ ልሮጥ ስል የጋሽ ሰይድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ዓይንሽን ከአውሮፕላኑ አትንቀይ» አሉኝ በጆሮዬ። «አባትሽን ለእኔ ተዪው። አንቺ አብርሪው።»

እንባዬ እያስቸገረኝ አበረርኩት። አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛው ላይ፣ ከበስተቀኜ፣ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ።

«አስቱ።»

«አቤት አባዬ።»

«በላዬ አሳልፊው። ቀስ አድርገሽ።»

የሞተሩን ኃይል ቀነስኩና አሳለፍኩት። በዓይኔ ጥግ እንዳየሁት በጀርባው ተገልብጦ ነበር፤ እጆቹ ጎንና ጎኑ ተዘርግተዋል። አምስት ጊዜ፣ ምናልባትም ስድስት ጊዜ በላዩ አሳለፍኩት። ባትሪው ሲደክም ሣሩ ላይ አሳረፍኩትና ሮጥኩ። አባቴ ተነሥቶ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱ ረጥቧል፤ ጀርባውን ሣር ሞልቶታል።

«ማሞም ሸማኔ ነበር» አለ ማናችንም ሳንጠይቀው። «አውሮፕላኑ ሲመጣ እኔ ዓይኔን እጨፍን ነበር። እሱ ነው ‹አትጨፍን፣ ክንፉን እይ፤ ተርፈን ከገባን ለነጠላ ጥለት እንሠራዋለን› ያለኝ። እየፈራንም እናየው ነበር።» ሣሩን ከእጅጌው ላይ እያራገፈ፣ «ቢያይሽ በሳቀ ነበር» አለ።

ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዞሩ። እኔ አባቴን አየሁት፤ ይህን ሁሉ ዘመን አጠገቡ ተቀምጬ ሳወራለት እሱ ይህን ይዞ ይሰማኝ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

አውሮፕላኑ ከዚያ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ በረረ፤ በመጋቢት አንድ የከሰዓት ነፋስ ይዞት ሄዶ ባሕር ዛፎቹ ውስጥ ጠፋ፤ ሁለት ቅዳሜ ፈልገን አላገኘነውም። አባቴ «ይሁን» አለ፤ እኔ ግን ሳምንት አለቀስኩ።

አሁን ያ ሜዳ ታጥሮ ቤት ተሠርቶበታል። እኔ በምሠራባቸው ሠርጎች ድሮን ከሙሽሮቹ በላይ ሲያንዣብብ ይውላል፤ ለካሜራው ካልሆነ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው የለም። አባቴ ዓይኑ ስለደከመ ሸማ ከተወ ቆየ። ያኔ እኔ ነበርኩ የማወራው፣ እሱ «ጥሩ» ይለኝ ነበር፤ አሁን እሁድ እሁድ ስሄድ እሱ ያወራኛል፣ ስለ ደጋው ብርድ፣ ስለ አጎቱ፣ በእግሩ ስለመጣበት መንገድ። አንዳንዱን ሦስትና አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ባለፈው ያላነሣው ነገር በየጊዜው ይጨመርበታልና አላቋርጠውም። ሊመሽ ሲል እናቴ «ልጄ፣ ታክሲ ሳታጪ ተነሽ» ትለኛለች። ቦርሳዬን አንሥቼ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ እሱ ግን ገና አልጨረሰም።