ጳጉሜ አይቆጠርም

ሃረገወይን ቀናተኛ ናት ቢባል በሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚያምን ሰው አይገኝም። ጎረቤቶቿ ልጅ ሲመርቁ እንኳ «እንደ ሃረግ ጧሪ ያድርግሽ» ነው የሚሉት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እናቷን እማማ አልማዝን የያዘች እሷ ናት። ጠዋት ተነስታ የስኳር መርፌያቸውን ትወጋለች፣ ቁርሳቸውን ታቀርባለች፣ የሚያብጥ እግራቸውን በቅባት ታሻለች፤ ከዚያ ታክሲ ተጋፍታ ገርጂ ትወርዳለች። ገርጂ የአንድ ሱፐርማርኬት ጥበቃ ናት። ኮሮና ከገባ ወዲህ ሥራዋ በር ላይ ቆሞ የሰው ግንባር ላይ የሙቀት መለኪያ መደገን ሆኗል፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ርኅራኄ የሚባል አታውቅም። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ የመጣ ሰው ባለሥልጣንም ቢሆን አያልፍም።

የምትቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በታናሽ እህቷ በሊሊ።

ሊሊ ዱባይ ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ትደውላለች። እማማ አልማዝ ከቅዳሴ ሰዓት ጀምሮ ፊታቸውን ታጥበው፣ ንጹሕ ነጠላቸውን ለብሰው ስልኩን ይጠብቃሉ። ሃረገወይንን ያበገናት ይህ ነጠላ ነው። በየቀኑ ለምታጎርሳቸው ልጅ አንድም ቀን ነጠላ ለብሰው አያውቁም፤ ለስልክ ግን ይለብሳሉ! «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ብሎ የተረተው ሰው እናቱን የጦረ ሰው መሆን አለበት» ትላለች ለራሷ። ለሌላ ሰው ብላ አታውቅም፤ ነገሩን በሆዷ ይዛ ነው የኖረችው።

በዚያ በወረርሽኙ ዓመት ክረምት እማማ አልማዝ ታመው ሆስፒታል ተኝተው ወጡ። ሊሊ ይህን ስትሰማ አሠሪዎቿን ለምና፣ ተመርምራ ነጻ የሚል ወረቀት ይዛ፣ ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን ቦሌ ገባች። የተቀበለቻት ሃረገወይን ናት። ሊሊ ሻንጣዋን ጥላ እጆቿን ዘርግታ ስትሮጥ፣ ሃረገወይን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለችና ከቦርሳዋ አልኮል አውጥታ በተዘረጉት እጆች ላይ ፊሽ አደረገችባቸው።

«እትዬ! ዘጠኝ ዓመት ቆይቼ በአልኮል ነው የምትቀበይኝ?» አለች ሊሊ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ወረቀቱን አሳዪኝ» አለች ሃረገወይን።

ከምርመራው ወረቀት ጋር ኤርፖርት የሰጧት ሌላ ወረቀት አለ፤ የጤና ባለሙያዎቹ ያዘዙት ተጽፎበታል፤ ዐሥራ አራት ቀን ከቤት አለመውጣት፣ ለብቻ ክፍል መቀመጥ፣ ለብቻ መብላት፣ እንግዳ አለመቀበል፣ ትኩሳት ወይም ሳል ከመጣ በነጻው ስልክ መደወል። ሃረገወይን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ታክሲው ውስጥ ሊሊን ከኋላ አስቀምጣ መስኮቶቹን ሁሉ አስከፈተች። ቤት ሲደርሱ የራሷን መኝታ ክፍል ለቀቀችላት፤ ለራሷ ከእናቷ አልጋ ሥር ፍራሽ ዘረጋች። እማማ አልማዝንና ሊሊን ከሩቅ ብቻ እንዲተያዩ አደረገቻቸው። አሮጊቷ ከሳሎኑ ወዲያ ማዶ ሆነው «ልሳማት እንጂ፣ የወለድኳትን ልጅ!» ብለው ሲያለቅሱ፣ «ስኳርና ግፊት ያለው ሰው ነሽ፣ እማዬ፤ በሽታው እንዳንቺ ያለውን ነው የሚፈልገው» አለችና በሩን ዘጋች። እውነቷን ነበር። ያን ቀን ከእውነት በቀር ሌላ ነገር በሆዷ አልነበረም ብንል ግን እንዋሻለን።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደንቡ በደንብ ሄደ። ሃረገወይን የሊሊን ምግብ በሯ ፊት በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ አንኳኩታ ትሸሻለች። መታጠቢያ ቤቱ አንድ ነውና ሊሊ ተጠቅማ ስትወጣ በበረኪና ታጥበዋለች። ከታች ፎቅ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሚርያም ድፎ ዳቦ ይዘው «እንኳን ደህና መጣች ልበላት» ብለው ሲመጡ፣ ደረጃው ላይ አቁማ «ዳቦው ይግባ፣ እርስዎ ይመለሱ» አለቻቸው። ሚርያም እስከ ዛሬ ይህን ነገር አልረሱትም።

ችግሩ የመጣው ከወንበሩ ነው። እማማ አልማዝ በሦስተኛው ቀን ወንበራቸውን እየጎተቱ ወስደው ሊሊ ክፍል በር ፊት ለፊት፣ ሁለት ሜትር ራቅ አድርገው ተከሉት። ነጠላቸውን ለብሰው ቀኑን ሙሉ እዚያ ናቸው። በሩ ዝግ፣ ወሬው ክፍት። ሊሊ ከውስጥ የዱባይን ወይዛዝርት ፀጉር ታወራለች፣ አሮጊቷ ከውጭ ይስቃሉ። ሃረገወይን ማታ እግሯ አብጦ ደረጃውን ስትወጣ ሳቃቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይቀበላታል። ዐሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ኖራ እናቷ እንዲህ መሳቅ እንደሚችሉ አታውቅም ነበር።  ስትገባ ደግሞ እማማ አልማዝ ዞር ብለው፣ «ቀስ በይ፣ በሩን አታጋጪ፤ ሊሊ ራሷን አሟታል» ይሏታል።

«እኔንስ እግሬን ቢያመኝ?» አለች አንድ ቀን።

«አንቺማ ጠንካራ ነሽ» አሏት፣ ወንበራቸውን ወደ በሩ እያዞሩ።

ጠንካራ ነሽ! ይህ ቃል ሃረገወይንን ከስድብ በላይ ያማታል። የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው ይባላል፤ እሷ ግን ከዚያ ሆድ ውስጥ ለጉልበት ብቻ የወጣች መሰላት።

ጳጉሜ አንድ ቀን እማማ አልማዝ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቀን ይቆጥሩ ጀመር። ነሐሴ ሃያ አንድ የመጣች ልጅ፣ ከማግሥቱ ሲቆጠር፣ ዐሥራ አራተኛ ቀኗ ጳጉሜ አምስት ይውላል፤ እንቁጣጣሽ ጠዋት በሩ ይከፈታል። ፊታቸው በራ። «ሥላሴ ምን ይሳናቸዋል! ዘንድሮ መጀመሪያ የምመርቀው ሊሊን ነው» አሉ።

ሃረገወይን የምታጥበው ሳህን ከእጇ ሊወድቅ ነበር። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ጠዋት፣ ገና ጎረቤት ሳይመጣ፣ እናቷ ጉልበት ሥር ትንበረከካለች፤ እሳቸው ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ምርቃት ይመርቋታል። ዓመቱን ሙሉ ሃረጌ የሚሏት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዓመት ዓመት የምትኖረው ለዚያች ሩብ ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። እና እሷን ለሊሊ?

«እንቁጣጣሽ አትወጣም» አለች፣ ሳታስበው።

«ምነው?»

«ጳጉሜ አይቆጠርማ። እኔ ደመወዝ ስቀበል ጳጉሜን ቆጥረውልኝ ያውቃሉ? ወረቀትና መሥሪያ ቤት ጳጉሜን አያውቅም። ዐሥራ አራቱ የሚሞላው መስከረም አምስት ነው።»

ቫይረሱ ጳጉሜ ሲገባ ዕረፍት የሚወጣ ይመስል! እማማ አልማዝ ግን ጥቂት አሰቡና አንገታቸውን ደፉ። «እሱስ እውነት ነው። አባትሽም ሠላሳ ዓመት ጳጉሜን በነጻ ነው የሠሩት» አሉ። ሃረገወይን በበር ላይ ሰው የምታቆም፣ ደንብ የምታስከብር ሴት መሆኗን ያውቃሉና ቃሏን አልተጠራጠሩም። ከውስጥም ሊሊ «እሺ፣ እትዬ፤ አንቺ ካልሽ» አለች። ይኸው አለቀ። ውሸት እንዲህ ቀላል ነው ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ቀን፣ ዝናብ ጣለ። ሕፃናቱ ግቢው ውስጥ እየጨፈሩ ታጠቡበት። የሃረገወይን የዕረፍት ቀኗ ነበር። እማማ አልማዝ ሳህን ይዛ በረንዳ እንድትወጣ ላኳትና የተጠራቀመውን ውሃ አይተው፣ «መጀመሪያ ለሊሊ በሯ ላይ አስቀምጪላት፤ ከዓመት ዓመት ጠበል አላገኘችም» አሉ። ሃረገወይን ራሷ በስብሳ ነበር። ሳህኑን በርጩማው ላይ ስታስቀምጥ፣ «አምስት ቀን ብቻ ጨመርኩብሽ፤ አነሰሽ» አለች በልቧ። ወዲያው ደንግጣ አማተበች።

ጳጉሜ አምስት ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቀደም ብላ ተመለሰች። እማማ አልማዝ ምሳ በልተው ተኝተዋል። የሊሊን ሻይ በርጩማው ላይ አድርጋ ልትሄድ ስትል፣ ከበሩ ወዲያ የታፈነ ለቅሶ ሰማች።

«ምን ሆንሽ? ትኩሳት አለሽ?»

«የለኝም። ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ሊሊ፣ «በረራዬ መስከረም ሦስት ነው፤ የፊታችን እሑድ» አለች። «ከሦስት ሳምንት ያነሰ ፈቃድ ነው የሰጡኝ። ለእማዬ አልነገርኳትም፤ መሄጃዬን ከሰማች መምጣቴ አይጥማትም። ሳልነካት መመለሴ ነው ብዬ ነው፤ ተይኝ፣ ይወጣልኛል።»

ሃረገወይን ከበርጩማው አጠገብ ቆመች። ከዚያ በእናቷ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። እሑድ! እሷ የዘረፈችው አንድ የምርቃት ጠዋት መስሏት ነበር፤ ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተጠበቀውን እቅፍ በሙሉ ነው የወሰደችው።

«ቀኑን ቆጥረሽ አታውቂም?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ቆጥሬያለሁ። በነጻው ስልክም ደውዬ ጠይቄያለሁ፤ ዛሬ ነው የሚያልቀው ብለውኛል። አንቺ ግን ለእማዬ ፈርተሽ መሰለኝ። እሷን ዐሥራ አንድ ዓመት በሕይወት ያቆየሻት አንቺ ነሽ፤ ከስልኩም ከኔም ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።»

ሰድባት ቢሆን ይሻላት ነበር። ሃረገወይን ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን በር ልብ ብላ ስታየው እንጨቱ ስስ ነው፤ የእህቷ ትንፋሽ ይሰማል። እውነቱን ሳትናገር መቅረት ትችላለች። ሊሊ ራሷ የተዘጋጀ ሰበብ አቀብላታለች፤ «አዎ፣ ለእማዬ ብዬ ነው» ብትል ማን ያውቅባታል?

«ለእማዬ ብዬ አይደለም» አለች። «ቀንቼ ነው።»

«በማን?»

«ባንቺ ነዋ! በማን ልቅና? በሳቋ። በነጠላዋ። ዐሥራ አንድ ዓመት ያልሳቀችልኝን ሳቅ አንቺ በተዘጋ በር አስቀሻታል። ዘንድሮ መጀመሪያ የምመርቀው ሊሊን ነው ስትል ዓይኔ ጠፋ። ጳጉሜ ይቆጠራል፣ ሊሊ። ነገ ጠዋት ውጪ።»

 ሊሊ ከውስጥ፣ «ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ» አለች። ሃረገወይን፣ ሊሊ በሩን ከፍታ እንድትወስደው፣ ራቅ አለች።

እንቁጣጣሽ ዓርብ ዋለ፤ ጾም ነውና ዶሮዋ እስከ ቅዳሜ ተቀጠረች። ሃረገወይን ማልዳ ተነስታ፣ «እማዬ፣ ስቆጥር ተሳስቻለሁ፤ ሊሊ ዛሬ ትወጣለች» አለችና ሳይጠይቋት በሩን አንኳኳች። ሊሊ ማስኳን አድርጋ ወጣች። እማማ አልማዝ ልጃቸውን አቅፈው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ግራና ቀኝ ተወዛወዙ። ከዚያ ራሷን ይዘው መረቋት። ረጅም ምርቃት ነበር። ሃረገወይን ወጥ ቤት ገብታ የሚታጠብ ነገር ፈለገች፤ ሁሉም ታጥቧል። ቅናቱ እንዳለ ነው፤ እውነት ስለተናገረች አልለቀቃትም።

የመርፌው ሰዓት ደረሰ። መድኃኒቱን ከፍሪጅ አውጥታ ስትመጣ ሊሊ ተነሳች። «ዛሬ እኔ ልውጋሽ፣ እማዬ። እትዬ ታሳየኛለች» አለች፣ እጇን እያሸች።

እማማ አልማዝ ክንዳቸውን ወደ ጉያቸው ሸሸጉ። «ተይ፣ ልጄ፤ አንቺ አታውቂበትም። እኔ የለመድኩት የሃረጌን እጅ ነው። የሷ አያመኝም። የሌላ ሰው እጅ እፈራለሁ።»

የሌላ ሰው። ሊሊ የተዘረጋ እጇን ቀስ ብላ መለሰች፤ ሳቅ ለማለት ሞከረችና ከማስኩ በላይ ያሉት ዓይኖቿ እምቢ አሏት። ያን ዓይን ሃረገወይን ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት በመስታወት የምታየው የራሷ ዓይን ነው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ቃል በእህቷ ፊት ተነገረላት። ግን ደስ አላላትም።

«ነይ» አለቻት ሊሊን በዝግታ፣ በዓይኗ ዝም እንድትል እየጠቀሰች። እማማ አልማዝ መርፌ ሲወጉ ሁልጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ሃረገወይን መጠኑን ቀድታ መርፌውን እህቷ ጣቶች መካከል አስያዘቻት፤ የራሷን እጅ ከላይ አድርጋ ቦታውን አሳየቻት።  ከዚያ ሃረገወይን እጇን አነሳች፤ ሊሊ ብቻዋን ወጋች።

እማማ አልማዝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። «አላልኳችሁም? የሃረጌ እጅ እኮ መድኃኒት ነው፤ ምንም አላመመኝም።»

ሊሊ አቀርቅራ ቀረች። ሃረገወይን ያንን ምስጋና እንደ ምርቃት አድርጋ ልትወስደው ትችል ነበር፤ ለአፍታም ፈለገችው።

«ሊሊ ናት የወጋችሽ፣ እማዬ» አለችና ያገለገለውን መርፌ ልትጥል ሄደች።