በማሰሮ የተቀበረው ሊሬ

ዘነበች ሰው ሲያናግራት ልቧ ሌላ ቦታ የሚሆን ሴት ነበረች። ጋፋት ደጃፏ ላይ ቆማ የጉናን ጉም ስታይ ወጡ ያርርባታል። እናቷ እመት የሺ «ይቺ ልጅ ቆማ ታልማለች!» ይላሉ።

ጣሊያን ደብረ ታቦር በገባ በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ እመት የሺ አልጋ ያዙ። የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአዲስ አቡጀዲ መገነዝ። «በቡትቶ እንዳትሸኚኝ» ይላሉ። ዘነበች ታዲያ ያላትን አንድ ሙክት ጎትታ ገበያ ወጣች። ሙክቱን የገዛው የጣሊያን ወታደር ነው፤ የከፈላትም ሊሬ የሚሉት የወረቀት ገንዘብ።

ወይ ጉድ! ጠገራ ብር ቢሆን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ሲጎትታት ይውል ነበር። ሊሬው ግን አይከብድ፣ አይንኳኳ! በጉሙ ውስጥ ስትመለስ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም። ገንዘብ እንዲህ ከቀለለ ኑሮስ ለምን አይቀልም ብላ ደስ አላት። አቡጀዲው ክረምቱ ሲወጣ ይገባል ብለው ነጋዴዎቹ ስለነገሯት፣ አባቷ በብራቸው ያደርጉ እንደነበረው፣ ሊሬውን በማሰሮ ከትታ ከመደቡ ሥር ቀበረችው።

እመት የሺ አንዴ ሲብስባቸው አንዴ ሲሻላቸው መስቀል አለፈ። ማሰሮው ሲወጣ ወረቀቱ ሻግቶ ተጣብቋል። ዘነበች ግን «ብር ቢጠቁርም ያው ብር ነው» ብላ ጠቅልላው ወደ ነጋዴው ዑመር ሱቅ ሄደች።

ዑመር አቡጀዲውን በክንዱ ለካላት። እሷም ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ ፈታች። በጣቱ ነካ ቢያደርገው ብጥስጥስ አለ።

«እኅቴ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

«ቀበርኩት።»

«ወረቀት ይቀበራል እንዴ?»

«ገንዘብ ነው አላችሁኝ እኮ!»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቁት ገበያተኞች ሳቁ፤ «ኧረ ቶሎ በይ!» ያላትም አለ። ዑመር አልሳቀም። «ወላሂ ብችል በተቀበልኩሽ። ከእኔስ ማን ይቀበለኛል?» አለና አቡጀዲውን አጥፎ መለሰው።

እያለቀሰች ቤቷ ገባች። እመት የሺ ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሱ መስሏት ደነገጠች፤ ለካስ እየሳቁ ነው!

«አይ አንቺ ልጅ! ከእኔ አስቀድመሽ መገነዣዬን ቀበርሽው?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «በይ እንግዲህ፣ ሌላ ሙክት እስክታደልቢ መቆየቴ ነው። በቡትቶስ አልሄድም!»

በማግሥቱ ዘነበች ከጎረቤት አርብታ የሚወለደውን ልትካፈል አንዲት የርቢ በግ ለምና አመጣች። እስክትወልድ፣ ግልገሉም እስኪያድግና እስኪሰባ ስንት ጊዜ ነው! ዘነበች ግን አልቸኮለችም።