በባልዲ የታፈኑ ጽጌረዳዎች

ጎረቤቱ ሁሉ «ጋሽ ቧንቧ» ነበር የሚላቸው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በየሰው ቤት ማጠቢያ ሥር ተጋድመው ሲጠግኑ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ከባለቤታቸው ጋር ልጃቸው ቤት ገቡ። ሥራ የለመደ እጅ ግን ታጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም። ያልተበላሸ በር ሲፈቱ ሲገጥሙ ይውሉ ነበር፤ ባለቤታቸው «ኧረ ቤቱን አታፍርስብን» እስኪሏቸው ድረስ።

ምራታቸው በረንዳው ላይ በአምስት ባልዲ የተከለቻቸው ጽጌረዳዎች ነበሯት፤ የምትሳሳላቸው። በዚያ ዓመት ቅጠላቸው ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። «ጠምቷቸው ይሆናል» ብላ ማታ ከሥራ ስትመለስ ታጠጣለች። የባሏ እናት ደግሞ አንጀታቸው አልችል ብሎ ጠዋት ጠዋት ያጠጣሉ። ጋሽ ቧንቧም እኩለ ቀን ላይ፣ ለማንም ሳይናገሩ፣ አንድ አንድ ጣሳ ያንቆረቁሩላቸዋል። አንዱ የሌላውን አያውቅም። ጽጌረዳዎቹ በጠጡ ቁጥር ጠወለጉ።

አንድ ቀን ጋሽ ቧንቧ አንዱን ባልዲ ወደ ጥግ ሊያስጠጉ ሲያዘነብሉት ሽታው አፍንጫቸውን መታው። ስለ አበባ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ይህን ሽታ ግን ያውቁታል። የተደፈነ ቱቦ ሽታ ነው። የባልዲውን ታች ቢያዩት፣ ያለችው አንዲት ቀዳዳ በጭቃ ተወትፋለች።

ማንንም አላስፈቀዱም። መሰርሰሪያቸውን አውጥተው እያንዳንዱን ባልዲ ስድስት ቦታ በሱት። የጠቆረውን፣ የላሸቀውን ሥር ቆርጠው ጣሉ። አፈሩን አሸዋና ብስባሽ በተቀላቀለበት ቀይረው ባልዲዎቹን ጡብ ላይ አስቀመጡ። የደረቀውንም ግንድ እርጥብ እስኪያገኙ ድረስ በመቀስ እየቆረጡ ወደ ታች ወረዱ።

ምራቲቱ ማታ መጥታ በረንዳውን ስታይ ባለችበት ቆመች። አምስት ጉቶ።

«አባባ፣ ምን አደረጓቸው?»

«ታፍነው ነበር፣ ልጄ። ውሃው መውጫ አጥቶ ነው።»

«ታዲያ ለእኔ አይነግሩኝም?»

ጋሽ ቧንቧ መሰርሰሪያቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲነጋ ጋሽ ቧንቧ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መጠየቅ ነበረብኝ። ደግሞ እኔም ቀን ቀን አጠጣቸው ነበር» አሉ።

ባለቤታቸው ቀና ብለው «አንተም?» አሉ።

ምራቲቱ ሁለቱንም አየቻቸው፤ ሳትወድ ሳቀች። «ሦስት ሆነን ነዋ ያሰጠምናቸው!»

ከዚያ ወዲያ ማጠጣቱ ለእሷ ብቻ ተተወ፤ ያውም ጣቷን አፈሩ ውስጥ ከታ ደረቅ ስታገኘው። ሦስት ሳምንት ምንም አልታየም። በአራተኛው ከሁለት ጉቶዎች የክብሪት ጫፍ የምታህል ቀይ ቡቃያ ብቅ አለች፤ ሦስተኛው ዘግይቶ ተከተለ። የቀሩት ሁለቱ አልተመለሱም። ምራቲቱ ነቅላ ጣለቻቸው።

መጀመሪያ ያበበው ትንሽ ነበር፤ ጠርዙንም ነፍሳት በልተውታል። እሷ ግን ፎቶውን ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ እያሳየች «የባሌ አባት ናቸው ያዳኑልኝ» ትላለች። ጋሽ ቧንቧ ሰው ሲጠይቃቸው «ሁለቱ ሞተውብኛል» ነው የሚሉት።