በረኛው ያላነበበው ወረቀት

የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ዛሬ የለም። በ1967 ተጀምሮ ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ከተካሄደ በኋላ በ1996 ከሌላ ውድድር ጋር ተቀላቅሎ ስሙ ጠፋ። ለሌላው ሰው የቆየ ወሬ ነው። ለገድሉ ግን የንስሐው ቀጠሮ አብሮ ጠፋበት።

ገድሉ የፋብሪካችን ቡድን በረኛና አምበል ነበር፤ እኔ ተከላካይ። በ1984 ለዚያ ዋንጫ ተሰለፍን። ካርቱም ላይ ከሱዳኖቹ ጋር ዜሮ ለዜሮ ወጥተን ባሕር ዳር ጠበቅናቸው። በዋዜማው አሰልጣኛችን ጋሽ ሙሀመድዘይን እንግዶቹን ሊቀበሉ ሲሄዱ ለገድሉ ወረቀት ሰጡት፤ «ማታ ለልጆቹ አንብብላቸው» ብለው። እሱ ኪሱ ከተተና ስለት ሊሳል በጀልባ ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ተሻገረ። ነፋስ ተነስቶ እዚያው አደረ። ጠዋት ሲመለስ ስለቱን እንጂ ወረቀቱን አላስታወሰም።

አንድ ለአንድ ሆንን። ሰዓቱ ሲገባደድ ገድሉ በመለያ ምት እንድንለይ ብሎ ኳሷን አቅፎ ይተኛል፤ ፍፁም ቅጣት ምት በማዳን የሚስተካከለው አልነበረምና። ጋሽ ሙሀመድዘይን ከመስመሩ ዳር እጃቸውን ሲያወናጭፉ የሚያበረታቱን መስሎን ነበር። ፊሽካው ሲነፋ የጨፈሩት እንግዶቹ ናቸው። ለካ ከሜዳቸው ውጭ ያገቡት ጎል ያሳልፋቸው ኖሯል!

«ይህን ደንብ ለገድሉ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ» አሉ አሰልጣኛችን። ገድሉ ልብሱን ሲቀይር ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አግኝቶት ነበር።

«አልተቀበልሁም» አለ።

እኛም አምበላችንን አመንን። ሽማግሌውን ደንብ የማያውቅ፣ ውሸታም ብለን አዋረድናቸው፤ ከሥራቸውም ተባረሩ። ገድሉ «ዋንጫውን ያመጣን ቀን እናገራለሁ» ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ዋንጫው ሲቀር ቃሉም ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሚያውቀው ሰው አፉን ከዘጋ ግን ምኑ ይጠራል?

ዘንድሮ ጋሽ ሙሀመድዘይን ታመሙ ሲባል ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ» አላቸው።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ?» አሉት። «እኔ መስጠቴን መች አጣሁት? ላላመኑኝ ንገር።»

በዚያው እግሩ የድሮ ተጫዋቾች እሁድ እሁድ ወደምንቀመጥበት የሐይቁ ዳር መጣ። አልተቀመጠም፤ ቆሞ ሁሉንም ነገረን። አፈርኩ። በእሱ ብቻ አይደለም፣ በራሴም።

አጥቂያችን ደሞዝ ተነሳ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«እሳቸው ቤት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰላም ሳልላቸው አልፌያለሁ።»

ሁላችንም ተከተልነው። በራቸው ላይ ስንደርስ ግን ቀድሞ የሚያንኳኳ ጠፋ።