የእናቴ እንዶድና የዘሃራ ዓሣ

ትናንት ከሰዓት ልጄ የገዛችውን አኳሪየም ሳሎናችን ውስጥ ስንገጣጥም፣ መስታወቱን በፈሳሽ ሳሙና ልታጥበው ተነሳች። እጇን ያዝ አደረግኩት።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

የሆንኩትማ ድሮ ነው...

ደርግ ከወሎ አንስቶ አሶሳ አጠገብ ባሰፈረን ጊዜ ታናሽ እህቴን ዘሃራን ወባ ጣላት። ወባው ሲለቃት ደግሞ ምግብ እምቢ አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። እናቴ ልጇ ከእጇ ልታመልጣት እንደሆነ ገብቷት በየጓሮው ታለቅስ ነበር።

አንድ ቀን የአገሩ ተወላጅ የሆኑት የበርታው ጎረቤታችን አባ ሐሚድ ከወንዝ ሲመለሱ በቅል የያዟትን ትንሽ ዓሣ ለዘሃራ አሳዩዋት። ዘሃራ ቀና ብላ ተቀመጠች። ሁለት ጉርሻም ዋጠች።

አባቴ ይህን ካየ በኋላ እንቅልፍ የለውም። የተሰበረ ትራክተር መስታወት ለምኖ፣ በማስቲሽ አጣብቆ ሣጥን ሠራላት። እናቴ በንጽሕና ቀልድ አታውቅም። ከወሎ በጨርቅ ቋጥራ ያመጣችውን፣ ለክት ነጠላዋ ብቻ የምትቆጥበውን እንዶድ ወቅጣ መስታወቱን ፍትግ አድርጋ አጠበችው።

ዓሣዋ እስከ ማታ አልቆየችም። ዘሃራም ወደ ግድግዳው ዞረች።

እናቴ «ቆሽሾ ነው» ብላ ሁለተኛ በእንዶድ አጠበች። አባ ሐሚድ ሌላ ዓሣ አመጡ... ሞተ። ሦስተኛም እንደዚያው።

በመጨረሻ አባ ሐሚድ ጎንበስ ብለው ባዶውን መስታወት አሸተቱ።

«ኡም ዘሃራ፣ ይሄ በምን አጠበ?» አሉ እናቴን፤ «የዘሃራ እናት» ማለታቸው ነው።

እናቴ ኮራ ብላ እንዶዱን አሳየቻቸው።

«እኛ ዓሣ የሚይዝ ጊዜ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ ያደርጋል። ዓሣ ሰክሮ ይመጣል። ይሄም እንደሱ ነው።»

«እኔ ነኛ የገደልኳቸው?» አለች እናቴ፣ ድምጿ ተሰብሮ።

«አንቺ እንግዳ አከበረ። ዓሣ ግን ክብር አያውቅም።»

አባ ሐሚድ ወንዝ ድረስ ደጋግመን ስናመላልሳቸው አንዲት ክፉ ቃል አልተናገሩንም። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ ብዙ አላየሁም። መስታወቱን ራሳቸው በአሸዋ ደጋግመው አጠቡት፣ የወንዝ ውሃ ሞሉበት፣ የውሃ ሣር ተከሉበት።

«አሁን ውሃ ይተኛል። ዓሣ ጁምዓ ይመጣል።»

ጁምዓ ሁለት ዓሣ አመጡ። በማግስቱ ጠዋት ማናችንም ወደ ሣጥኑ ለማየት አልደፈርንም... ቀድማ ያየችው ዘሃራ ነበረች።

«እማ፣ ሣሩን እየበሉ ነው። የኔስ ምግብ?»

እናቴ ከዚያ ወዲያ አዲስ ዕቃ ልታጥብ ስትል፣ ድስትም ቢሆን፣ መጀመሪያ አባ ሐሚድን «በዚህ ልጠበው?» ብላ ታስፈቅድ ነበር።