ሳልጠየቅ ያረምኩት ገብስ

ጎፋ ተቀጥሬ የምሠራበት ቤት እመቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ዕፅዋት ያስተምሩ ነበር። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ጓሮው ውስጥ ገብስ ዘርተዋል፤ መሃል መሃሉ ደግሞ አውቀው ስናር፣ ያ ገብስ የሚመስለው አረም። ዘሩን ከየገበሬው ማሳ ለቅመው፣ በየመስመሩ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ተክለው ሲያጠኑት ሦስተኛ ክረምታቸው ነው። እኔን «ዶሮ እንዳይገባበት ብቻ ጠብቂ» ብለውኛል፤ ስናሩ ታስቦ የተዘራ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም።

አንድ ቅዳሜ ብስራተ ገብርኤል ለቅሶ ሄዱ። የቤቱን ሥራ ጨርሼ ጓሮ ወጣሁ። እኛ አገር ማሳውን አረም የዋጠው ቤት፣ የምትታማው ሴት ልጁ ናት። እንግዳ ቢያየውስ ብዬ አፈርኩ። ጎንበስ አልኩና እስከ ከሰዓት በኋላ አረምኩት። እንጨቶቹም ሲያሰናክሉኝ ነቅዬ አጥሩ ላይ አስደገፍኳቸው።

እትዬ ሲመለሱ ሁለት ተማሪዎቻቸው አብረዋቸው ነበሩ። አንደኛው የነቀልኩትን ክምር አይቶ፣ «በቃ፣ ሦስት ዓመት የለፋነው የበግ ድግስ ሆነ!» አለ። ማንም አልሳቀም። እትዬ መስመሩን ጎንበስ ብለው እያዩ ሄዱና፣ «አንቺ፣ እነዚህን ለምን ተውሻቸው?» አሉኝ። ጥቂት ስናሮች ቀርተዋል።

«ገብስ መስለውኝ።»

ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። «አያችሁ? ያልመሰለው ተነቀለ፤ የመሰለው ዘር ሰጥቶ ለከርሞ ይደርሳል። ስንት ትውልድ እንዲህ ሲታረም ነው ስናር ገብስን እየመሰለ የመጣው። ማንም አስቦበት አይደለም።» ከዚያ ቀስ ብለው ለእኔ፣ «እንጨቶቹ ከተነቀሉ ዘሩስ ተደበላልቋል። ዓይንሽ በምን እንደለየ ግን ንገሪን። እሱን ከጻፍን ልፋታችን ሁሉ ከንቱ አይቀርም።»

አውቅ ነበር። የገብስ ቅጠል ግርጌው ላይ እንደ ጆሮ ያለ ነገር አለው፤ አገዳውን ያቅፋል። ስናር የለውም፤ በአውራ ጣት ይዳሰሳል። ሲደክመኝ ግን መዳሰሱን ትቼ ቀለሙን ብቻ እያየሁ ነበር የነቀልኩት። ተማሪው እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቀኛል። ስንፍናዬን ማስጻፍ አሳፈረኝ።

«እኔ እንጃ።»

«ምንም አታስታውሺም?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ።»

ተማሪው ደብተሩን ዘጋ። እትዬ፣ «በይ ግቢ፣ እጅሽን ታጠቢ» አሉኝ። አላባረሩኝም። በቀጣዩ ክረምት ግን ምንም አልዘሩም፤ ጓሮውን ሣር ዋጠው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይ ባቀረብኩላቸው ቁጥር ልነግራቸው እነሳለሁ። ስኳሩን አስቀምጬ እወጣለሁ።